ለግድቡ ዋስ

አማከለች ልጇን ከቀበረች ወዲህ ማንንም ሰድባ አታውቅም። ሰውን ያስፈራው ይኸው ነው። ዱሮ የሰው በሬ ማሳዋን ቢረግጥባት የባለቤቱን ሰባት ቤት አንሥታ የምታብጠለጥል ሴት፣ አሁን የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አበረን የወረታ ገበያ መንገድ ላይ ስታገኘው በለሰለሰ ድምፅ «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በስብሰባ ላይ የእግዜር ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው፣ እሷ ፊት ሲቆም ስሙ ከአፉ ያመልጠዋል።

ወንድሟ ደሞዝ በዚህ ሰላምታ አንጀቱ እርር ይል ነበር። «የልጅሽን ገዳይ እንዴት አደርክ ትያለሽ? ጎታው ሥር የቀበርኩት ምንሽር ገና አልዛገም። አንቺ እሺ በይኝ እንጂ አንድ ጥይት ይበቃዋል» ይላታል።

«አንድ ጥይትማ ቶሎ ያልቅለታል» ትለዋለች። «ለእሱ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አልፈልግም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎገራ ሰው ውሃን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ አባቶችም ሐምሌ አቦ ሳይደርስ ከብቱን ነድተው ተረተሩ ላይ ያወጡ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ይመለሱና ጓያና ሽምብራ ይዘሩበታል። ስንት ዘመን የተኖረበት ዘዴ ነው፤ ማንም በጀት አልመደበለትም። ኋላ ወንዙ ግድብ ይሠራለት ተባለ። መንግሥት ገንዘብ መደበ፣ አባወራውም አዋጣ። ከመኪናው መንገድ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ሕዝቡ ራሱ በድንጋይና በአፈር አጥብቆ ሠራው። ከትልቁ ሾላ ወዲያ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ያለውን ግን አበረ «የቀን ሠራተኛ ከሌላ አገር አስመጣለታለሁ፣ እናንተ እረፉ» አለ። አስመጣም። ብዙም ሳይቆይ ረጅም ነገር ተገትሮ ታየ። ጭቃ ተቀብቷል፣ ሣር በቅሎበታል፤ ለሚያየው ሰው ግድብ ነው። ውስጡ ጭድና የደንገል ነዶ መሆኑን የሚያውቁት የሞሉት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ወደ አገራቸው ሄደዋል።

ከአውራጃው የተላከው ካድሬ በመኪና መጣ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ መንገዱ ላይ ቆሞ አየ፣ አጨበጨበ፣ የታረደለትን ሰንጋ በላ። «ግድቡ ተጠናቋል» የሚል ሪፖርትም ወደ በላይ ሄደ። አበረ በተረፈው በጀት ወረታ መገንጠያው ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፤ አበረ እንዳይቆጨው ቀድሞ በላ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሌብነት ነው፤ ሌባ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ክረምት አበረ ሕዝቡን ሰብስቦ «ዘንድሮ ከብቱን ወደ ተረተር የሚያወጣ በግድቡ አያምንም፤ በግድቡ የማያምን ደግሞ የጠላት አሉባልታ የሚነዛ ነው» አለ። ሰው እስር ፈርቶ ከብቱን ሜዳው ላይ አቆየ። አማከለችም ፈራች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፤ አንድ ልጇ ቢሻው እንዳይታሰርባት ብላ «ተው፣ ከሰው አትለይ» አለችው። ርብ በመታጠፊያው በኩል ጭዱን ጥሶ ሲገባ ቢሻው በጋጥ የታሰሩትን ከብቶች ሊፈታ ገባ። አንድ በሬ ፈቶ ለቀቀ። የእሱ ሬሳ ውሃው ሲጎድል ደንገል ውስጥ ተገኘ፣ የሌላው በሬ ገመድ እጁ ላይ እንደተጠመጠመ።

በቀብሩ ላይ አበረ ቆሞ ንግግር አደረገ። «የተፈጥሮ አደጋ ነው» አለ። «ግድቡ ባይኖር ኖሮ ደግሞ የባሰ ይመጣ ነበር» አለ። መታጠፊያውንም እንደገና በጭድ ደፍኖ ጭቃ ቀባው፤ ለጥገና ተብሎ ሌላ በጀት መጣለት። አማከለች የቀብሩን ቃል ዓመቱን ሙሉ ስታላምጠው ከረመች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ያው ካድሬ የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ሊያወያይ መጣ። ሕዝቡ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ካድሬው አንቀጽ በአንቀጽ ያነባል፤ ሰው ያንቀላፋል። የዘር ወቅት ነው፣ የሁሉም ልብ ማሳው ላይ ነው። ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው» አለ። ጥያቄ እንደማይኖር እርግጠኛ ነበርና ወረቀቱን እያጣጠፈ ነው የጠየቀው። አማከለች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጓድ፣ የተመረጠ ሰው ለመረጠው ሕዝብ ተጠያቂ ነው ብለህ አንብበሃል።»

«አዎ እናቴ።»

«በጀት ቢዋሽሳ? እሱን ማን ይዳኘዋል?»

ካድሬው ሳቀ። «በጀት አይዋሽም እናቴ። በጀት ማለት ለሥራ የተመደበ የሕዝብ ገንዘብ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ተሠራ ብሎ ሳይሠራ ቢቀር ነው ያልኩህ።»

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። ካድሬው ምን ይበል? ሕዝብ ፊት ነው፣ ሕገ መንግሥት በእጁ ይዟል። ደረቱን ነፋ አድርጎ «ቢዋሽማ የፍርድ ሸንጎ አላችሁ አይደል?» አለ። «ከሕዝብ በላይ ማንም የለም። ሊቀመንበርም ቢሆን ሸንጎው ፊት ይቆማል።» ጭብጨባው ቀለጠ። እሱም ደስ አለው።

«መሪጌታ፣ ይህን ቃል ይያዙልኝ» አለች አማከለች።

መሪጌታ ደሳለው የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ናቸው። በምርጫው ቀን «ቄስ አይመረጥም» ቢባል፣ ሕዝቡ «ቄስ አይደሉም፣ መሪጌታ ናቸው» ብሎ ተከራክሮ ነው ያስመረጣቸው። ለእግዜርም ለደርግም አንድ ዓይነት ቃል ስለሚናገሩ የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ያፍራቸዋል። «ይዣለሁ» አሉ።

ችሎቱ በዚያው ሰሞን ሾላው ሥር ተቀመጠ። ካድሬው ነገሩ እንዳያመልጠው ብሎ መጥቶ ዳር ይዟል። አማከለች የልጄን ደም ብላ ትጮኻለች ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ። እሷ ግን «የልጄን ደም አልጠየቅሁም» አለች። «የከሰስኩት በጀቱን ነው። ግድብ ሠርቻለሁ ብሎ ዋሽቷል።»

አበረ ተነሣ። መልከ ቀና፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። «ግድቡ ይኸው ቆሟል። የበላይ አካል መጥቶ፣ አይቶ፣ አጽድቆታል» አለ ወደ ካድሬው እያመለከተ።

«እንግዲያ በዶማ ገለጥ አድርገን እንየዋ» አሉ መሪጌታ።

«የመንግሥትን ግድብ በክረምት መግቢያ ልትቆፍሩ? ዶማ ያነሣበት ሰው አሻጥረኛ ነው።»

«ልክ ነው» አለ ካድሬው ፈጠን ብሎ። «ማንም እንዳይነካው።» ሪፖርቱን ወደ በላይ የላከው እሱ ነውና እሱም የግድቡን ሆድ ማየት አልፈለገም።

ሰው አጉረመረመ። ደሞዝ ነገሩ ያለቀ መስሎት እህቱን በቁጭት አያት። አማከለች ግን ይህችን ነበር የምትጠብቀው።

«ደግ፣ ማንም አይንካው» አለች። «መሪጌታ፣ በአገራችን የተከሰሰ ምን ይባላል?»

«ዋስ ጥራ ይባላል።»

«ይህንንም ግድብ ከስሻለሁ፤ ሰው ገድሏል። ዋስ ይጥራልኝ።»

ሕዝቡ ሳቀ። አበረም ሳቀ፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከሳቁ ሳይወጣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «እኔ ዋሱ ነኝ» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያ አገር ሰው በሽማግሌ ፊት ብዙ ነገር ተናግሮ «ቀልዴን ነው» ሊል ይችላል። «ዋስ ነኝ» ያለ ግን ቃሉን አይመልስም። የዋሰው ሰው ቢጠፋ በእሱ እግር ገብቶ ይታሰራል፣ ዕዳውን ይከፍላል። ዋስ ሆኖ የከዳ ሰው ልጁ እንኳ ሚስት ጠይቆ አያገኝም። አበረ ነገሩ የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ ካድሬው ዞሮ አየ። ካድሬው መሬት መሬቱን ያያል።

«ተቀብያለሁ» አለች አማከለች። «ዋስ ከዋሰው አይርቅም። የቢሻው ጎጆ ከነበረበት ላይ ጎጆ ይቀልስና ከሐምሌ አቦ እስከ መስቀል ከነከብቱ እዚያ ይክረም። ግድቡ ከጸና የተረፈኝን አንድ በሬ ይውሰድ፣ እግሩንም እስማለሁ።»

«ካልጸናስ?» አሉ መሪጌታ።

«በጀቱ ሠራሁት ያለውን ዋሱ በገዛ ትከሻው ይሥራው።»

ሸንጎው ተመካከረ፤ መሪጌታም ፍርዱን ተናገሩ። ዋሱ ከግድቡ ሥር ይክረም። ግድቡ ከፈረሰ አበረ ወረታ ያለውን ቤት ሸጦ ድንጋይ ያስመጣ፣ አፈሩን ራሱ ይሸከም። አለቀ አላለቀም የምትለው አማከለች ናት፤ እሷ «አልቋል» እስክትል አይለቀቅም። «የሚቃወሙት አለ ጓድ?» ብለው ካድሬውን ጠየቁት። ግድቡ አይችልም ቢል የራሱን ሪፖርት ሊውጥ ነው። «ጓድ ሊቀመንበር በግድቡ ሙሉ እምነት አለው» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

የአበረ ሚስት ይታይሽ ልጆቿን ይዛ ወረታ ቀረች። «ዋስ ነኝ ያልከው አንተ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ» አለችው ይባላል። አበረ ብቻውን ጎጆውን ቀለሰ፣ ከብቱን አሰረ፣ ወዲያው ጥሩምባ አስነፍቶ ሕዝቡን ለዘመቻ ጠራ። ግድቡን እናጠናክር አለ። ሕዝቡ ዶማውን ይዞ መጣ፤ መጥቶም ሣር ላይ ተቀመጠ።

«ያለቀ ግድብ ላይ ደግሞ መሥራት በጀት ማባከን አይሆንም ወይ?» አለ ደሞዝ።

«እኔስ አሻጥረኛ እንዳልባል ፈራሁ» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ዶማ ያነሣ ተብለን የለ?» ዶማቸውን እንደያዙ እየተሳሳቁ ተበተኑ።

ያን ዓመት ሰው ሁሉ ከብቱን ወደ ተረተር አወጣ፤ ከልካይ አልነበረም። ሜዳው ላይ የቀረው የአበረ ጎጆና የአበረ ከብት ነው። አማከለች እንዝርቷን ይዛ ተረተሩ ጫፍ ላይ ትውላለች። ትፈትላለች፣ ታየዋለች። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ከጎጆው ብቅ ብሎ ወንዙን ሲያይ ታየዋለች። ጧት ጧት ከላይ ሆና «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። ደስ ይላት ነበር፤ ምን ይደበቃል። እሷ ዓመቱን ሙሉ ያጣችውን እንቅልፍ እሱም ሲያጣው፣ ጉንጩ ሲሟሽሽ፣ ዓይኑ ሲገባ ማየት እህል ሆናት። ከልጇ ሞት ወዲህ የበላችው የጣማት ያን ክረምት ነው።

አንድ ቀን ወደ ተረተሩ ወጣ። «እታለም አማከለች፣ ማሪኝ። ላም ልስጥሽ፣ የወለደች ላም ከነጥጃዋ።»

«ግድቡ ያስፈራል እንዴ?»

«አያስፈራም፤ ብቻ...»

«ካላስፈራማ ምን ብዬ ልማርህ?»

አበረ ዙሪያውን አየ። ሰው ጆሮውን ጥሏል። «አልተሠራም» ቢል ያኔውኑ ይወጣ ነበር፤ ይታሰር ይሆናል እንጂ ውሃ አይበላውም። አላለም። ሊቀመንበርነቱ አነቀው። ቁልቁል ተመለሰ፤ እሷም ፈትሏን ቀጠለች።

በፍልሰታ ጾም፣ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ በደብረ ታቦር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የዚያ አገር ውሃ ላይ ዘንቦ ታች ነው የሚገድለው። ከቀትር በኋላ ርብ እያገሳ መጣ። በመንገዱ በኩል ያለው፣ ሕዝቡ የሠራው ጎን፣ ቻለው። መታጠፊያው ግን አበጠ፣ ተተረተረ፣ ከዚያ ጭዱ ከነጭቃው ተነሣ። የደንገሉ ነዶ እየተገላበጠ ሜዳውን ሞላው። ሕዝቡ ተረተሩ ላይ ተኮልኩሎ የመንግሥት በጀት ሲንሳፈፍ አየ።

አበረ ከብቱን ፈቶ ለቀቀ፤ ይህ አይካድም። እሱ ግን መውጫ አጥቶ ጎጆው ጣሪያ ላይ ወጣ። ጣሪያው ማዘንበል ጀመረ። ይጮኻል። አማከለች እንዝርቷን አስቀመጠችና «ታንኳውን አምጣው» አለችው ደሞዝን።

«ለእሱ? ተዪው እንጂ። እግዜር ፈረደልሽ።»

«ታንኳውን አምጣ አልኩህ።»

ደሞዝ እየቀዘፈ ወሰዳት። አበረ እጁን ሲዘረጋ፣ እጁ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው «አቁም» አለችው ወንድሟን። ታንኳዋ ቆመች።

«ዋስ» አለች። «ግድቡ የት አለ?»

«በእናትሽ አማከለች...»

«ግድቡ የት አለ?»

«አልተሠራም። ጭድ ነው፣ ደንገል ነው የሞላሁበት። በልቼዋለሁ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ለሸንጎው ንገር።» በእጇ ተረተሩን አሳየችው። መሪጌታ ደሳለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰው ፊት ቆመዋል። አበረ ባለ በሌለ ኃይሉ «አልተሠራም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ በውሃው ላይ ሄዶ ደረሰ። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ቢሻውም እንዲህ ጮኾ ይሆናል» አለች አማከለች። «የሰማው የለም።» ጣሪያው አንድ ጎኑ ውሃ ነካ። ደሞዝ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ቢተወው ምንም አልነበረበት፤ እሷም ልትተወው ዳድቷት ነበር። ከዚያ «አውጣው» አለች። «ውሃውም እንደ ጥይቱ ነው፣ ቶሎ ይጨርሰዋል።»

ከመስቀል በኋላ ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እንዲህ ያለ ሰው ይዛወራል እንጂ አይጠየቅም። አበረ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ፣ የወረታው ቤት ተሸጠ፣ ድንጋይ መጣ፣ ሠራተኛም ተቀጠረ። አፈሩን ግን እሱ ነው የሚሸከመው። በጋውን በሙሉ በጆንያ ተሸከመ። ትከሻው ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ጠገገ፣ እንደገና ቆሰለ። አማከለች ብረት ጫፍ ያለው ዘንግ ይዛ ትመጣለች፤ የተደለደለውን ትወጋለች። ዘንጉ ከሰጠመ «ባዶ ነው፣ አፍርስ» ትላለች። ያፈርሳል። ሳትራራለት፣ ሳትሰድበው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ። ሰው አንዳንዱ «ይበቃው ነበር» ማለት ጀመረ። እሷ ፊት ግን ደፍሮ ያለ የለም።

በሰባ ዘጠኝ ግንቦት መጨረሻ ሸንጎው ግድቡ ላይ መጣ። አማከለች ዘንጓን ይዛ ከሾላው ጀምሮ እስከ መታጠፊያው መጨረሻ ሄደች። እዚህ ወጋች፣ አልሰጠመም። እዚያ ወጋች፣ አልሰጠመም። በሁለት እጇ ይዛ ክብደቷን ጥላበት ወጋች። ድንጋይና የተጠቀጠቀ አፈር ነው። አበረ ጆንያውን እንደያዘ ቆሟል፤ ፀጉሩ በአንድ በጋ ሸብቷል።

«አልቋል ወይስ ይቀራል?» አሉ መሪጌታ።

«ይቀራል» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። ማን ይከራከራታል? ፍርዱ በእሷ ቃል ነው። ይቀራል ብትል የሚመጣውን በጋ ይሸከማል፣ ከዚያም የሚቀጥለውን፤ እስኪሞት ድረስ ጀርባው እንደጎበጠ ማየት ትችላለች። ይህን ነበር የፈለገችው፤ ሌሊት ሌሊት ያሰበችው ይህን ነው። አፏን ከፈተች። ከእግሯ ሥር ያለው ግድብ ጠንካራ ነው። ያልተሠራውን ተሠራ ያለ ሰው ልጇን ገደለባት፤ እሷ ደግሞ የተሠራውን አልተሠራም ልትል ነው። ከአበረ ጋር አንድ አፍ ሊኖራት ነው። ጠላችው ያን ግድብ። ምነው አንድ ቦታ እንኳ ባዶ በሆነ ብላ ተመኘች።

«አማከለች፣ ሸንጎው ይጠብቃል።»

«አልቋል» አለች።

ድምፅዋ ተሰብሮ ነው የወጣው። አበረ ጆንያውን ጥሎ እግሯ ላይ ተደፋ። «እግዜር ይስጥሽ እታለሜ፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላል። ያኔ ነው አማከለች ዘንጓን የወረወረችው። «እግሬን ልቀቅ አንት ከርሳም!» አለች። «አንት የጭድ ነዶ፣ አንት የሬሳ ቀበኛ፣ ሰንጋ በልተህ ልጄን ያወራረድክበት፣ ቀብሩ ላይ ቆመህ ግድቡ ባይኖር ያልክ! የበላኸው ሆድህ ውስጥ እንደ ርብ ይሙላ፣ የጠጣኸው ይነቅህ!» ዓይኗ እንባ ያጎርፋል፣ አፏ አያቆምም። ሰባት ቤቱን አነሣች፣ ቆርቆሮውን አነሣች፣ ካድሬውን ከነጫማው አነሣች። ደሞዝ ሊይዛት ሲነሣ መሪጌታ በእጃቸው ከለከሉት። ችሎቱ ተዘግቶ ነበርና በቃሽ አላሏትም፤ አበረም እግሯ ሥር እንደተደፋ እስከ መጨረሻው ሰማ።